ቀጣሪ ባለ ውለታ ነውን?

«አንድ የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ምርቱን ሊያስፋፋ ነው፤ አዲስ ሠራተኞችም ይቀጥራል» ሲባል «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። ተገቢ ነው፤ ሥራ አጥነት ትዳር ያፈርሳል፣ ኢማንም ይፈታተናል። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮ የሚወርደው ውዳሴ ነው። ቀጣሪው ችሮታ እንደዋለ፣ ተቀጣሪው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ባለ ዕዳ እንደሆነ ይወራል።

የሞሮኮን ነገር እንመልከት። የሬኖ ፋብሪካ ታንጀር አጠገብ በ2012፣ የፔዦ ደግሞ ቀኒጥራ ላይ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈቱ ወዲህ በዙሪያቸው የመለዋወጫ አምራቾች በርክተዋል። ብዙ ሰው የሚቀጥሩት የመኪና ኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል የሚሠሩት ናቸው። ሽቦ ልምጥምጥ ስለሆነ ማሽን እንደ ብረት አይገዛውም። ሠራተኞች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሰሌዳ ፊት ቆመው አንድ በአንድ በእጃቸው ይዘረጉታል፣ ያስሩታል።

ታዲያ ባለሀብቱ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ለማን ብሎ ነው? ለእነዚያ እጆች ነው። ይህ ሥራ የሰው ጉልበት የረከሰበትን አገር እያሰሰ ሲሰደድ የኖረ ነው። በ2022 ጦርነቱ የዩክሬንን የሽቦ ፋብሪካዎች ሲያስተጓጉል ቮልስዋገንና ቢኤምደብልዩ ጀርመን ውስጥ መኪና መገጣጠም እስከ ማቋረጥ ደረሱ። ማን በማን እንጀራ እንደሚያድር ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ረዛቂው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ቀጣሪ ለሠራተኛው ሪዝቅ ሰበብ ከሆነ፣ ሠራተኛውም ለቀጣሪው ትርፍ ሰበብ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ማዘዛቸው ደመወዝ ሐቅ እንጂ ሰደቃ ስላልሆነ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን ያወግዛል። የሥራ ሰዓትና የደመወዝ ሚዛንም እዚያው ውስጥ ይገባል ባይ ነኝ፤ ዑለሞቻችን ቢያርሙኝ እቀበላለሁ።

«ገንዘቡን ለኪሳራ ያጋለጠው እርሱ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ትርፉ ሐላል የሆነለትም ለዚሁ ነው። ሠራተኛም ቢሆን ሰዓት ቢሰርቅ አማናውን አጉድሏል። ነገር ግን ባለሀብቱ ከትርፉ ላይ ውለታ ጨምሮ ሲያስከፍል ዋጋውን የምትከፍለው ሰሌዳው ፊት የቆመችው እኅት ናት። ለዙህር ሶላት ጥቂት ደቂቃ ስትጠይቅ፣ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ለምን እንደቀረ ስታነሳ፣ «በር ላይ ስንቱ ሥራ ፈላጊ ቆሟል!» ይሏታል።