ማስረጃ የሌለው ክስ በተሰማ ጊዜ

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ስለ ባልንጀራህ ክፉ ወሬ ቢነግሩህ «ማን አየ?» ብለህ ትጠይቃለህን፥ ወይስ ወደሚቀጥለው ጆሮ ታደርሰዋለህ? «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» የሚባለው ለአዋጅ እንጂ ለሐሜት አይደለም።

በሒጅራ 5ኛው ወይም 6ኛው ዓመት የሆነውን አስታውስ። ነቢዩ ሙሐመድ (የአላህ ሰላምና በረከት በእርሳቸው ላይ ይሁን) ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ሲመለሱ፥ ባለቤታቸው ዓኢሻ የጠፋባቸውን የአንገት ጌጥ ሲፈልጉ ጉዞው ጥሏቸው ሄደ። ከኋላ የመጣው ሰፍዋን ኢብኑ ሙዐጠል አገኛቸው፤ በግመሉም ላይ አስቀምጦ እየሳበ ከሠራዊቱ አደረሳቸው። ሰው ያየው ይህን ብቻ ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ኡበይ ግን ያላየውን ጨመረበት፤ መዲናም ወር ያህል በሐሜት ታመሰች።

የጣውንታቸው የዘይነብ እኅት ሐምና ወሬውን አዛመተች። ዘይነብ ራሳቸው ግን በተጠየቁ ጊዜ ከመልካም በቀር እንደማያውቁባቸው መሰከሩ። እነሆ፥ እኅቲቱ የጠቀመች መስሏት በደለች፤ ጣውንቲቱ እውነትን ጠበቁ።

በመጨረሻ የሱረቱ ኑር አንቀጾች ወርደው ዓኢሻን ነጻ አወጡ። ምእመናንም ወሬውን በሰሙ ጊዜ ስለ ወገናቸው በጎ ባለማሰባቸው ተወቀሱ። ጥብቅ የሆነችን ሴት በዝሙት ከስሶ 4 ምስክሮች ያላመጣ ሰው 80 ግርፋት ይገረፍ ዘንድ ተደነገገ። ልብ በል፤ የማስረዳት ሸክም የተጣለው በከሳሹ ላይ ነው።

«እንግዲያውስ በደል ይሸፈን ዘንድ ዝም እንበልን?» ትል ይሆናል። አይደለም። የተበደለ ወደ ዳኛ ይቅረብ፤ ያየም ይመስክር፤ ዳኛውም ሁለቱን ወገን ሰምቶ ይመርምር። አቤቱታን መስማት ግዴታ ነው፤ ሳይመረመር በየገበያው መፍረድ ግን ራሱ በደል ነው። ወሬ በፍርድ ቦታ ከገባ፥ እውነተኛው ተበዳይም የሚያምነው ያጣል።

ሌላም ትምህርት አለ። የዓኢሻ አባት አቡበክር፥ ወሬውን ካናፈሱት አንዱ የሆነውን ድኻ ዘመዳቸውን ሚስጠሕን ዳግመኛ ላይረዱት ምለው ነበር። ይቅርታን የሚያዝ አንቀጽ በወረደ ጊዜ ግን እርዳታውን መለሱለት።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ ያልተረጋገጠው ወሬ ከአንተ ዘንድ ሲደርስ በአንተ ይቁም። በሐሰት የታማውን ሰው ክብሩን በአደባባይ መልስለት፤ ተቀጥቶ የተጸጸተውንም እንጀራውን አትከልክለው። አላህ ምላሳችንን ከሐሰት፥ ጆሮአችንን ከሐሜት ይጠብቅልን። አሚን።