ማእድና ማዕድን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ማእድና ማዕድን በጆሮ ሲሰሙ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ዘመዳሞች ግን አይደሉም። የምንበላበት ገበታ በአልፋው «አ»፥ ከምድር የሚቆፈረው ደግሞ በዐይኑ «ዐ» እንዲጻፍ የግእዝ መምህራን ያስተምራሉ። በዚህ ጽሑፍ ፊደል የለያያቸውን ሁለቱን በአንድነት ልናያቸው ወደድን። በእህላችን ውስጥ ከምድር የወጣ ብረትና ዚንክ አለና፤ ከሥጋ፥ ከወተትና ከእንቁላል በምንከለከልባቸው ወራት ደግሞ ይህን ሁሉ ከእህልና ከአትክልት ብቻ ማግኘት ይኖርብናልና።

ሰው ከምድር አፈር መበጀቱን ስንሰማ ብዙዎቻችን ነገሩን የትሕትና ማስተማሪያ ብቻ አድርገን እንወስደዋለን። ለትሕትና መጥቀሙ እውነት ነው። ነገር ግን ቃሉ እንደ ተጻፈውም እውነት ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም ብረት ይገኛል፤ አንዲት ትንሽ ሚስማር ቢያክል ነው። አብዛኛው በደም ውስጥ ሆኖ እስትንፋስን ከሳምባ ተቀብሎ ለመላው አካል ያደርሳል። ዚንክ ከዚያም ያንሳል፤ 2 ግራም ያህል ነው፤ ያለ እርሱ ግን ሕፃን በአግባቡ አያድግም፥ ቁስል ቶሎ አይሽርም። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 እስራኤል የሚገቡባትን ምድር ሲገልጽ ስንዴዋንና ገብሷን፥ ወይኗንና በለሷን ከቈጠረ በኋላ ድንጋይዋ ብረት መሆኑን ይጨምራል። እህልና ብረት ጎን ለጎን የተነገሩት በከንቱ አይመስለንም።

እኛንም የስደት ዕጣ ያወጣን በብረትና በዱቄት አገር ላይ ነው። ከሪችፊልድ ወደ ሰሜን ከሦስት ሰዓት በላይ በመኪና የተጓዘ ሜሳቢ ከሚባለው የብረት ምድር ይደርሳል። ከዚያ የመጀመሪያው ማዕድን ተጭኖ የወጣው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ካቀለጠችው ብረትም እጅግ ብዙው የዚያ ምድር ነበር። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ፥ በሚኒያፖሊስ መሐል በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የቆሙት አሮጌ ወፍጮ ቤቶች ከ1880 እስከ 1930 ድረስ ከተማይቱን በዱቄት ምርት የዓለም ቀዳሚ አድርገዋት ነበር። የእነዚያ ወፍጮዎች ትልቁ ክብር ዱቄቱን ማንጣት ነበር፤ ይኸውም ፍሩሽካውንና የፍሬውን ጽንስ ለይቶ በማስወገድ ነው። ማዕድኑ በብዛት ያለው ግን በዚያ በተጣለው ውስጥ ነው። በ1940ዎቹ በዚህ አገር ብረትና አንዳንድ ቪታሚኖች ወደ ነጩ ዱቄት እንዲመለሱ ተደረገ፤ ዚንኩ ግን አልተመለሰም።

ቀድመን የመጣን ስደተኞች እንጀራችንን የጋገርነው ከዚህ ነጭ ዱቄት ነው። ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን፥ እርሾ ሳይጠብቅ በዱቄት መድኃኒት የሚነሣውን፥ ከገብስ ዱቄት ጋር እየቀላቀልን በመጥበሻ ላይ አወጣን። ዐይን ነበረው፤ እንጀራም ይመስል ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጠግበንበታል። በኋላ በኢትዮጵያ ሠርቶ የነበረው ዌይን ካርልሰን አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ማብቀል ጀመረ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል የባሕር ማዶው ሰው ወደዚህ አገር ጤፍ ይበልጥ ፊቱን መለሰ።

ስለ ጤፍ ከተነሣ ዘንድ ከእናቶች ዘወትር የምንሰማውን እንመርምር፤ ጤፍ በብረት የተሞላ ስለ ሆነ የጾመኛ ደም አይጎድልም ይላሉ። ነገሩ መሠረት አለው። ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባወጡት ጥናት ኢትዮጵያውያን ከምግባቸው የሚያገኙት ብረት እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተው ነበር። ይሁን እንጂ አብርሃም በስራትና ባልደረቦቻቸው በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ምርምር ጤፉ በአሲድ ሲታጠብ ብረቱ ቀንሶ ከሌሎች እህሎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። ትርፉ ከጤፉ ሳይሆን ከዐውድማው ነበር፤ በሬ በአፈር ላይ ሲያበራየው ቀይ አፈር በደቃቃው ፍሬ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበርና። የአፈር ብረት ደግሞ በሆድ ውስጥ ቢያልፍም በአብዛኛው ወደ ደም አይገባም። በዚህ አገር በመኪና የሚታጨደው ጤፍ በአሜሪካ መንግሥት ሰንጠረዥ በ100 ግራም 7.6 ሚሊግራም ያህል ብረት እንዳለው ተመዝግቧል። መልካም ነው፤ ከነጭ ዱቄት ይበልጣል፤ ተአምር ግን አይደለም።

ከብዛቱ ይልቅ የሚያሳስበው መንገዱ ነው። እህልና ጥራጥሬ ፋይቴት የሚባል ነገር በውስጣቸው ይዘዋል፤ ፍሬው ለመብቀያው ያከማቸው የፎስፎረስ ስንቅ ነው። ይህ ስንቅ ብረትንና ዚንክን እንደ ማነቆ ይዞ ወደ ሰውነታችን እንዳይገቡ ያደርጋቸዋል። ምን ያህል እንደሚጎዳ ዓለም የተረዳው በ1961 ነው፤ ዶክተር አናንዳ ፕራሳድና ባልደረቦቻቸው በሺራዝ፥ በፋርስ አገር፥ ሃያ ዓመት የሞላቸው ወጣቶች የአሥር ዓመት ልጅ መስለው አገኙ። የሚበሉት ከሞላ ጎደል እርሾ የሌለው ቂጣ ብቻ ነበር፤ አፈርም ይበሉ ነበር። የዚንክ እጥረት መሆኑ ጥቂት ቆይቶ በግብፅ በተደረገ ጥናት ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ጥበብ ሳናደንቅ ማለፍ አንችልም። እርሾው በቡሖው ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲሠራ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ በዚያ ኮምጣጣነት ውስጥ ፋይቴት እየተሰበረ ብረቱንና ዚንኩን ይለቃል። ባቄላው ተነክሮ በቆልት ሲሆን ፍሬው ሊበቅል ብሎ ስንቁን ራሱ ይፈታል። ስልጆም የሚብላላ ምግብ ነው። የምስር አዚፋ በሎሚ ይታሻል፤ የሎሚው ቪታሚን ሲ የእህሉን ብረት ለሆድ የተመቸ ያደርገዋልና። ይህን ሁሉ ያደረጉት እናቶች ስለ ፋይቴት አልሰሙም፤ በጾም ቤት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ፈትነውታል። እንግዲህ አሁን በአንድ ሌሊት በገበያ እርሾ ተነሥቶ፥ ነጭ ዱቄት ተጨምሮበት በላስቲክ ከረጢት የሚሸጠው እንጀራ ከዚያ ጋር እኩል ነውን? አይመስለንም። በበጋ በሴንት ፖል የገበሬዎች ገበያ የሞንግ ሰዎች ከሚሸጡት ጎመን ገዝቶ ሳያሳርሩ መቀቀል፥ ሊጡንም ቢቻል በቤት ለቀናት ማቆየት ከባድ ሥራ አይደለም።

ስለ ቡናም ቅር የሚላችሁን ልንናገር ነው። በ1983 የታተመ ምርምር እንደሚያሳየው አንድ ስኒ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፥ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰ። ቡናው ከምግብ በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አላመጣም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር እንደ ተጠጣ ያህል ጎዳ። የእኛ ልማድ ደግሞ ከማእዱ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ረከቦቱ ነው። አባቶች በአንድ ወቅት ቡናን የነቀፉት በሌላ ምክንያት ነበር፤ እኛ አናወግዘውም፥ ሰዓቱ ይራቅ እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንዳንድ ወጣቶች ጾም ሰውን በምግብ እጦት የሚጎዳ የጥንት ልማድ ነው ይላሉ። ይህን አንቀበልም፤ ዳንኤልና ጓደኞቹ ከንጉሡ ማእድ ርቀው ጥራጥሬ በልተው በ10 ቀን ከሌሎቹ ይልቅ አምሮባቸው ታይተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ነፍሰ ጡር ሆና፥ ወይም ጡት እያጠባች፥ ፊቷ ገርጥቶ ደረጃ መውጣት እያቃታት ሁዳዴውን 55 ቀን ሙሉ የምትጾም እኅት አለች፤ ጎረቤት ያመሰግናታል፥ የንስሓ አባቷም አልጠየቋትም። እኛ የምንፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው። በዚህ አገር መመሪያ ወንድ በቀን 8 ሚሊግራም ብረት ሲበቃው በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት 18፥ ነፍሰ ጡር ደግሞ 27 ያስፈልጋታል፤ ሥጋ ለማይበላ ሰው ቍጥሩ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በኢትዮጵያ በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሴቶች 24ቱ፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናትም 57ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። ወባውና የሆድ ትሉም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን በጾም ማሳበብ ድፍረት ነው። ነገር ግን የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ያልጾመውን ሲቀጣ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ነጻ ያደርጋል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም ግዴታ የለበትም። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል፤ ቅዱስ ባስልዮስም የሕክምና ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ለመነኮሳቱ አስተምሯል። ፈቃድ የምትጠይቅ እናት ሰነፍ አይደለችም፤ የምትጠብቀው የሁለት ሰው ደም ነው።

ስለዚህ ከነነዌ ጾም በፊት፥ ሁዳዴ ሳይገባ፥ ሴቶች ወደ ሐኪም ሄደው ፌሪቲን የተባለውን የደም ምርመራ ቢጠይቁና ውጤቱን ለንስሓ አባታቸው ቢያሳዩ እንለምናለን፤ ካህናትም ወረቀቱን ሳያዩ አይፍረዱ። ወንዶች፥ በተለይ በእኛ ዕድሜ ያለን፥ ሳንመረመር የብረት ክኒን አንዋጥ፤ የበዛ ብረት ጉበትንና ልብን ይጎዳል። ክኒኑም ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ ለእነርሱ መርዝ ነው። ድስት የምትገዙ ደግሞ ይህን አስቡ፤ አብዱልአዚዝ አዲሽና ባልደረቦቻቸው በ1999 በላንሴት መጽሔት ባወጡት የኢትዮጵያ ጥናት፥ ምግባቸው በብረት ድስት የተሠራላቸው ሕፃናት በአሉሚኒየም ከተሠራላቸው ይልቅ ደማቸው ተሻሽሎ፥ ቁመታቸውም ጨምሮ ተገኝቷል። የብረት ድስት በዚህ ከተማ በርካሽ ይገኛል፤ ሽሮ ለመሥራትም ይመቻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።