የሚያጎብጠው ትኩሳት

በ2011 ዓ.ም. (በ2019 እ.ኤ.አ.) ክረምት ድሬዳዋ ላይ ሰው በየቤቱ ወደቀ። ትኩሳቱ በድንገት ይነሣል፤ ወዲያው ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና የጣት አንጓ ሁሉ ይቆረጥማል። ትናንት ሸክም ሲያነሣ የዋለ ሰው፣ ዛሬ ከአልጋው የሚነሣው ተደግፎ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። በሽታው ቺኩንጉንያ ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. በደቡብ ታንዛኒያ ሲታወቅ ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ ተወሰደ፤ የሚያጎብጥ ማለት ነው።

ድሬዳዋ በሱዳን ድንበር ላይ ካለችው መተማ ሩቅ ናት። ይኸው በሽታ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ያስጨነቃት የሱዳኗ ካሰላ ግን ትቀርባታለች። በመተማ ዮሐንስና ከድንበሩ ማዶ ባለችው በሱዳኗ ገላባት መካከል ሰውና ሸቀጥ ሲመላለስ ኖሯል፤ የታመመ ሰውም አብሮ ይሻገራል። ስለዚህ የድሬዳዋና የካሰላ ታሪክ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ትምህርት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት፣ ቁርጥማት የአንድ በሽታ ስም አለመሆኑ ነው። ቆላ ላይ ትኩሳት ሲነሣ «ወባ ነው»፣ መገጣጠሚያ ሲያም «የሥራ ድካም ነው» ማለት ለምደናል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ደግሞ ለመታመም ጊዜ የለም። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋ የወረደው ሳሉግ (የወቅት ሠራተኛ) ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ያጭዳል፤ ሲያመው ማስታገሻ ውጦ ወደ ማሳው ይመለሳል። ችግሩን እረዳለሁ፤ አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የደንጊ ትኩሳትንም ታስተላልፋለች። ደንጊ ላለበት ሰው አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ምርመራው እስኪታወቅ ድረስ የሚሻለው ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ነው። በቺኩንጉንያ ከታመሙት አብዛኞቹ ቶሎ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹን ግን የመገጣጠሚያው ሕመም ለወራት፣ ሲብስም ለዓመታት ይከተላቸዋል። የቆየ ሕመም ሁሉ ግን ከትንኝ የመጣ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚገትርና የሁለቱንም እጆች አንጓዎች የሚያሳብጥ ከሆነ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣው የመገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። ሲሠሩ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል የጉልበት ሕመም የመገጣጠሚያው ልባስ እየሳሳ መሄዱን ይጠቁማል። ሌሊት በድንገት የእግር አውራ ጣትን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ሪህ ነው። ታማሚው ወተት ሳያፈላ የሚጠጣ ከብት አርቢ ከሆነ፣ ብሩሴሎሲስም ይጠረጠራል። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለው ግን መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል ታማሚው በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ሕክምናውም እንደየመነሻው ይለያያል። ልባሱ ለሳሳ ጉልበት የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ከመጠን ያለፈ ክብደትን መቀነስ ዋና መድኃኒት ናቸው። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ብግነት አጥንት ሳይበላ በጊዜ መታከም አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል፤ በየቀኑ መዋጥ ሊገድል ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዙት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን በአንድ ሌሊት ያሟሽሹታል፤ ሰውም ዳንሁ ይላል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን አጥንት ያሳሳሉ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያስነሣሉ፤ እነርሱን በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ከቤታችን ይጀምራል። ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው፤ ስለዚህ ለወባ የተሰቀለው አጎበር ብቻውን አይበቃም። የምትፈለፈለው ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜል፣ በእንስራና በተጣለ ጎማ ውስጥ ነው። በርሜሉን እንክደን፤ በየሳምንቱም እየደፋን ውስጡን እንፈግፍገው።

የመተማና የቋራ ወገኖቼ፣ ለጉልበታችሁ ማስታገሻ ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ግቡና «ይህ ቁርጥማት ከምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስታገሻ ሕመሙን ያስረሳል፤ በሽታው በትክክል የሚታከመው ግን መነሻው ሲታወቅ ብቻ ነው።