መቃብር የሌላቸው ሰማዕት

በሰንበት ትምህርት ቤት ዐሠርቱ ትእዛዛትን ስናጠና አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ጋሼ፣ ምስል መቅረጽ ክልክል ከሆነ አቡነ ጴጥሮስን ለምን ቀረጿቸው?» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥያቄዋ የሊቅ ጥያቄ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሥዕል ነው፤ በግድግዳ፣ በሸራ፣ በብራና። ቆሞ የሚሳለሙት ሐውልት በመቅደሳችን የለም። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጅ የቆሙትን የወንጌላውያን ምስሎች እያዩ ፊታቸውን ቅጭም የሚያደርጉ አባቶችን አውቃለሁ። ለልጅቷ የመለስኩላት በነሐሱ እባብ ነው። ሙሴ የሠራው በእግዚአብሔር ትእዛዝ ነበር፤ በእባብ የተነደፈም እያየው ድኗል። ከዘመናት በኋላ ሕዝቡ ቢያጥንለት ጊዜ ግን ንጉሡ ሕዝቅያስ ያንኑ እባብ ሰባበረው። ነሐሱ ያው ነሐስ ነው፤ የተለወጠው የሰው ልብ ነው።

ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ባለው አደባባይ ለቆመው የአቡኑ ሐውልት ጧፍ የሚያበራ ሰው አላየሁም። ከታክሲ ወርደው የሚያማትቡት እናቶች ፊታቸው ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአቡኑ ሐውልት ትከሻ ላይ ርግብ ያርፋል፤ ከሥሩ ወያላው «መርካቶ! መርካቶ!» ይላል። ስለዚህ ጣዖት ይሆናሉ ብዬ አልሰጋም።

የምሰጋው ሌላ ነው። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ በገቡ ማግስት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች በጥይት ገደሏቸው። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። አስከሬናቸው በስውር ተቀበረ፤ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በኛ ሥርዓት ደግሞ የሰማዕት ክብር ከዐፅሙ ይጀምራል፤ ዐፅም ይፈልሳል፣ በማኅሌት ይታጀባል፣ በክብር ያርፋል። ለእሳቸው ይህ አልተደረገላቸውም።

በ2005 ዓ.ም. ለከተማዋ ቀላል ባቡር ሥራ ሲባል ሐውልቱ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሲወሰድ፣ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አየኋቸው። ያኔ የተጋነነ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የሚሸኙት ሌላ ምን ነበራቸው? በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ሲመለስም ደስታው የፍልሰተ ዐፅም ያህል ነበር። ባቡሩ አሁን ከአደባባዩ ሥር በዋሻ ያልፋል።

ታዲያ ድንጋዩ ተመለሰ ብለን ነገሩን ዘጋነው። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን እናኖራለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንበተናለን፤ ዐፅማቸው የት ነው የሚለው ግን ከአፋችን ጠፍቷል። ሐውልት ዐፅምን የሚያስረሳ ከሆነ፣ ሕዝቅያስ ካፈረሰው እባብ በምን ይሻላል?

ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት አልፈዋል፤ የነገሯቸው ልጆችም እያረጁ ነው። ስለ አቡኑ የቀብር ቦታ ከእናቱ፣ ከአባቱ ወይም ከአያቱ የሰማ ሰው ካለ፣ እባክዎ «ተረት ይሉኛል» ብለው አይተዉት፤ ጽፈው ለአጥቢያዎ ቤተ ክርስቲያን ይስጡ።