ሐኪሙ ራሱን ሲተሳሰብ

በቅርቡ ከኮልፌ የሙስሊሞች መቃብር ጀናዛ ሸኝተን ስንመለስ፣ ኢንተርን የሆነው የጎረቤቴ ልጅ አብሮኝ ይራመድ ነበር። «ጋሼ፣ ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት የአንዲት እናት መድኃኒት በኔ ምክንያት ዘገየ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች። በኋላ ‹ከገጠመህ ነገር ምን ተማርክ?› የሚል ቅጽ ሰጡኝ። ‹ከባልደረቦቼ ጋር መግባባትን ተማርኩ› ብዬ ሞላሁና ጥሩ ማርክ አገኘሁ። እውነቱ ግን እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» አለኝ።

ቅጹ በራሱ ክፉ አይደለም። አሜሪካዊው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባለሙያ የሚማረው የሠራውን ሥራ መልሶ በመመርመር ጭምር መሆኑን አስረድቷል። ዛሬ በብዙ አገሮች ሐኪሞች በዚህ መንገድ ይሠለጥናሉ። ለእኛ ሙስሊሞችም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሙሐሰባ እንለዋለን። ዑመር (ረ.ዐ.) ከሒሳቡ ቀን በፊት ራሳችንን እንድንተሳሰብ መክረዋል። አል-ሐሪስ አል-ሙሐሲቢም በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በዚሁ ስም የታወቁ ዓሊም ነበሩ።

በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሥጋ ደዌን ሲያክምና ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል። ይህ በሽታ ነርቭን ያደነዝዛል። ሕመምተኛው እሳት ሲያቃጥለው፣ ጫማ ሲልጠው አይሰማውም። ስለዚህ በየቀኑ እጁንና እግሩን በዓይኑ እየፈተሸ ቁስል እንዲፈልግ ይመከራል። ልቡ የደነዘዘ ሐኪምስ ከዚህ በምን ይለያል? እሱም ካልፈተሸ ቁስሉን አያገኘውም።

ነገር ግን ማርክ የሚሰጠው ሙሐሰባ እውነተኛ ሊሆን ይችላልን? ኒያው ወደ ማርክ ሲዞር ሪያ ይገባል። ፍርሃትም አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ሕፃን ሞቶ ዶክተር ሐዲዛ ባዋ-ጋርባ በ2015 ጥፋተኛ ተባለች። ስለ ራሷ ስሕተት የጻፈችው ማስታወሻ ለፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሆኖ ባይቀርብም፣ ብዙ ሐኪሞች «የምንጽፈው ነገ ይከሰንብናል» ብለው ሰጉ። እሷ በ2019 ወደ ሙያዋ እንድትመለስ ቢፈቀድም የሰው ስጋት በቀላሉ አልጠፋም።

«ዲናችን ነውርን ሸሽግ ይል የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ኃጢአት በተውባ ይሸፈናል። የዘገየ መድኃኒት ግን የሰው ሐቅ ነው። እሱን መደበቅ ሰትር ሳይሆን አማና ማጉደል ነው። ስለዚህ ታካሚዋ ልታውቅ፣ አስተማሪውም ሊሰማ ይገባል። አስተማሪው ግን ማርኩን ይተው፤ በራሱ ስሕተትም ይጀምር። ወጣቱን ያለ ዕረፍት ተረኛ ያደረገውም ኃላፊ ራሱን ይተሳሰብ።

ለልጁ «መጀመሪያ ለሴትዮዋ፣ ቀጥሎ ለአስተማሪህ ንገር» አልኩት።

«ማርኬስ?» አለኝ።

ገና አሁን ቀብረነው የመጣነውን ሰው አስታወስኩት። እሱ በሄደበት ቦታ የሚጠየቀው ስለ ሰው ሐቅ እንጂ ስለ ቅጽ አይደለም። ልጁ ዝም አለ። እኔም ብዕር ይዤ የምኖር ሰው ነኝና ያልታረመ ስሕተቴን እያሰብኩ ቤቴ ገባሁ።

ወላሁ አዕለም።