ጠባቂውና መዝጊያው

በግእዙ አቆጣጠር 140ኛው መዝሙር ላይ ዳዊት ጸሎቱ እንደ ዕጣን እንዲያርግለት፣ የእጁም መነሣት እንደ ሠርክ መሥዋዕት እንዲቈጠርለት ከለመነ በኋላ ወደ ገዛ አፉ ይመለሳል። ለአፉ ጠባቂ፣ ለከንፈሩ መዝጊያ ይለምናል። ስለ ምን ዕጣኑን አስቀድሞ አፉን አስከተለ ቢሉ፣ ጸሎትም ሐሜትም የሚወጡት ከአንድ አፍ ነውና።

አንድም ሥጋ ወደሙ የሚገባበት ነውና። ቆርበን ስንወጣ አፋችንን በነጠላ እንሸፍናለን፤ ያን ቀን ምራቅ እንኳ አንተፋም። የሚገባ ክብር ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ቡና ከበን የጎረቤትን ትዳር ስናነሣና ስንጥል ያ ክብር ትዝ አይለንም።

ጠባቂ ያለው ማንን ነው ቢሉ፣ ጸጋ መንፈስ ቅዱስን ነው። አንድም ፈሪሃ እግዚአብሔርን ነው። አንድም ደግ ሰውን ነው። ናባል ሰድቦ ባሳፈረው ጊዜ ዳዊት 400 ሰው አስታጥቆ፣ ከናባል ቤት እስኪነጋ አንድ ወንድ እንዳላስቀር ብሎ ምሎ ተነሥቶ ነበር። አቢግያ እንጀራና ወይን ጭና መንገድ ላይ ደረሰችበት፤ ከእግሩ ወድቃ ለመነችው፤ እሱም የላከለትን አምላክ አመስግኖ ተመለሰ። ከክፉ መሐላው የጠበቀችው የዚያው የሰዳቢው ሚስት ናት። በቁጣ ሰዓት «ተው፣ ዛሬን እደር» የሚል ወዳጅ ያለው ሰው ጠባቂ ተሰጥቶታል፤ ካላባረረው።

መዝጊያ አለ፤ ግንብ አላለም። መዝጊያ ይዘጋል፣ ይከፈታልም። አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ ሦስት ዓመት በአፉ ድንጋይ እንደ ያዘ የመነኮሳት ዜና ይናገራል። ለበረሃ የሚገባ ተጋድሎ ነው። ሠራተኛዋ ደመወዟን ስትከለከል እያየ ዝም ያለ ክርስቲያን ግን በአባ አጋቶን አያመካኝ። ፍርሃት ትሕትና ተብሎ ሲመሰገን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁና ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

አንድም ዳዊት የካህናቱን ከተማ ኖብን አስቦ ለመነ ቢሉ ያስኬዳል። ታሪክ፦ ከሳኦል ሸሽቶ ወደ ካህኑ አቢሜሌክ በመጣ ጊዜ፣ ንጉሡ በምሥጢር ልኮኝ ነው ብሎ ዋሸው። ካህኑም አምኖ የመሥዋዕቱን ኅብስትና የጎልያድን ሰይፍ ሰጠው። ኤዶማዊው ዶይቅ በዚያ ቆሞ ያይ ነበር፤ ሄዶ ለሳኦል ነገረ። በዚያ ቀን 85 ካህናት በዶይቅ እጅ ተገደሉ፤ ከተማይቱም ከነሕፃናቷ በሰይፍ ጠፋች።

ዶይቅ ስለ ኅብስቱና ስለ ሰይፉ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። በዓይኑ ያየውን ነው ያወራው። «እውነቱን እኮ ነው የተናገርኩት» እያልን የሰው ገመና ከስልክ ወደ ስልክ የምናሻግር ሁሉ እዚህ ታሪክ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያዩትን ሁሉ መናገር፣ ሰሚው ሰይፍ የያዘ ሲሆን፣ ደም ያስፈስሳል።

ዳዊትስ? ከእልቂቱ ያመለጠው አብያታር መጥቶ በነገረው ጊዜ ነገሩን በዶይቅ ሊያላክክ ይችል ነበር፤ የገደለው ዶይቅ፣ ያዘዘው ሳኦል ነውና። እሱ ግን የአባትህ ቤት ሁሉ የጠፋው በእኔ ምክንያት ነው አለው። ዶይቅን እዚያ ባየው ጊዜ ለሳኦል እንደሚነግር ልቡ ዐውቆት እንደ ነበርም አልሸሸገም።

መዝሙሩ ከመዝጊያው ቀጥሎ የሚለምነው ይህንኑ ነው፦ ልቡ ለኃጢአት ምክንያት ወደ መደርደር እንዳያዘነብል። ስለዚህ ጠባቂው በበሩ ላይ ከስድብም ከሐሜትም አስቀድሞ ሊያግደው የሚገባው ማመካኛን ነው እላለሁ። ስድብ ሲወጣ ያስደነግጣል፤ ተናጋሪውም ፈጥኖ ሊጸጸት ይችላል። ማመካኛ ግን ጨዋ መስሎ ይወጣል፤ ንስሐንም ያስቀራል። አዳም በሔዋን አመካኘ። ዳዊት ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው በማንም አላመካኘም፤ በድያለሁ ብሎ መዝጊያውን ከፈተ።

እናንተም ከንስሐ አባታችሁ ፊት በምትቆሙበት ቀን ሌላው ምን እንዳደረጋችሁ አትተርኩ። የተናገራችሁትን ክፉ ቃል እንደ ተናገራችሁት ተናዘዙ፤ ከዚያም ቃሉ ወደ ጎዳው ሰው ቤት ሂዱ።