ስለ መቍጠርና ስለ መጠበቅ

ሰው እግዚአብሔር የፈጠረውን ይቈጥር ዘንድ ይገባዋልን? ቢቈጥርስ፣ ቍጥሩ በጎ ሥራ የሚሆነው በምን ጊዜ ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በሩቅ ሀገር የሚፈጸም፣ ለዐይን ትንሽ የሚመስል አንድ አገልግሎት ተመልክተን ነው።

በብሪታንያ ኮረብታዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚቀር የዱር ጥድ ይበቅላል። ይህ ተክል እየተመናመነ ስለ ሄደ ፕላንትላይፍ የተባለው የዕፀዋት ጥበቃ ማኅበር የቈጠራ ጥሪ አድርጎ፣ ሰዎች ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው እየወጡ ያገኙትን መዝግበዋል። ሥራው ቍጥር ብቻ አይደለም። የዚህ ጥድ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅሉ ስለ ሆኑ፣ ፍሬ የያዘችው የትኛዋ እንደ ሆነች ይመረምራሉ፤ ያረጀውን ከጎልማሳው፣ ጎልማሳውን ከችግኙ ይለያሉ፤ በግና ጥንቸል የጋጠውን፣ በበሽታ የደረቀውን ይጽፋሉ።

ከዚህም የተገኘው ዕውቀት የሚያስደነግጥ ነው። በብዙ ስፍራ ያረጁት ጥዶች ቆመው ሳሉ ከሥራቸው አንድ ችግኝ እንኳ ይታጣል። ከሩቅ ለሚያየው ኮረብታው አረንጓዴ ነው፤ መዝገቡን ለሚያነብ ግን ኮረብታው ወራሽ የለውም።

ነገር ግን አንዳንድ ሰው፣ «ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቈጥር መቅሠፍት መጥቶ 70,000 ሰው አልሞተምን? እንግዲህ መቍጠር ኀጢአት አይደለምን?» ይል ይሆናል። እኛም እንመልሳለን። እስራኤልን ይቈጥር ዘንድ ሙሴን ያዘዘው ራሱ እግዚአብሔር ነው። መቶ በጎች ያሉት እረኛም ባይቈጥር ኖሮ አንዲቱ መጥፋቷን ከወዴት ያውቅ ነበር? ስለዚህ በደሉ በቍጥሩ ሳይሆን በልቡ ነው። የእግዚአብሔር የሆነውን የራሱ ኀይል አድርጎ የሚቈጥር ይመካል፤ የጠፋውን ለመፈለግ የሚቈጥር ግን ይጠብቃል። ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙርም አበቅቴንና መጥቅዕን የሚያሰላው ጾምና በዓል እንዳይፋለስ እንጂ ሊመካበት አይደለም።

ቈጣሪው ከሁሉ አስቀድሞ እውነተኛ ሊሆን ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ኮረብታ ለኮረብታ ሲዞር ውሎ አንድም ጥድ ያላገኘ ሰው «የለም» ብሎ መጻፍ አለበት። ይህን መጻፍ ይከብዳል፤ ድካም ሁሉ ፍሬ ይፈልጋልና። ሆኖም ደስ ለማሰኘት ብሎ ያልነበረውን እንደ ነበረ የሚጽፍ ሰው ድውዩን ጤነኛ ነው ብሎ መድኀኒት እንደሚከለክል ባለመድኀኒት ነው። «የለም» የሚለው ቃል በእውነት ሲጻፍ ለሚተክል ሰው መንገድ ያሳያል።

ይህ ነገር የሩቅ ሀገር ብቻ አይደለም። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት በጥድና በወይራ የተከበቡ ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ጽፈዋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በኋላ እንዳሳዩትም፣ ከብት በሚገባበት ደን ችግኙ ይጠፋል፤ ከብት በተከለከለበት ግን ይበቅላል፣ ያድጋልም። እንግዲህ አባቶች ያቆዩትን ታላቁን ጥድ እያየን «ደናችን ደኅና ነው» ማለት አይበቃም፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ማየት ይገባል።

ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰውም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አይደለም። ያላወቀ ያመካኛል፤ ቈጥሮ ያወቀ ግን ምክንያት የለውም። በጎ ማድረግን አውቆ የማያደርገው ኀጢአት እንደሚሆንበት ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሯልና። ስለዚህ መዝገቡ ተዘግቶ በሣጥን ቢቀመጥ በጻፈው ላይ ምስክር ይሆንበታል፤ ቅጥር ቢታጠርበት፣ ከብት ቢመለስበት፣ ችግኝ ቢተከልበት ግን ቍጥሩ ጸሎት ሆነ ማለት ነው።

ይህንንም ስንል ስለ ዕፀዋት ብቻ አይደለም። በደብራችን ስንት ሽማግሌ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ዜማውንና ቅኔውን የሚቀበሉት ሕፃናት ስንት ናቸው? ወንድሞች ሆይ፣ ይህንንም በእውነት እንቍጠር፤ ጥቂት ቢሆኑ ጥቂት ናቸው እንበል፤ የሌሉም እንደ ሆነ የሉም ብለን እንጻፍ፤ ከዚያም ለመትከል እንነሣ።

የራሳችንን ጠጕር ሳይቀር የቈጠረ አምላክ የሰጠንን ቈጥረን የምንጠብቅበት ልቡና ያድለን። አሜን።